በእግሩ የሚመጣው ሣጥን

ለእህቴ ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ
ድሬዳዋ

እትዬ ጸሐይወርቅ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? ባለቤትሽ ጋሼ ዘነበ ደኅና ነው? የባቡሩ ሥራ እንዴት ይዞታል? ልጅሽ ኢትዮጵያስ ትምህርቷን በርትታ ይዛለች ወይስ እንደ አጎቷ እንደ እኔ የሰው ሬዲዮ እየፈታች ታስቸግራለች? ሙቀቱ፣ ውሃው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከረመ? እኛ እዚህ ነቀምቴ እናታችን፣ ባለቤቴ ሎሚ፣ ልጆቹም ጭምር አምላክ ይመስገን አለን። «አለን» ብዬ ስጽፍ እጄ ቆም አለ፤ ከአንዱ በቀር አለን።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ አቶ ገብረወልድ ነው፤ ጨርቅ ሊያመጣ ወደ እናንተ አገር ይወርዳል። በፖስታ ያልላክሁት ሬዲዮ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት በዚህ ዘመን አንባቢው ስለሚበዛ ነው። አቶ ገብረወልድ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ ፊቱን እያየሽ አትድከሚ። ጋሼ ዘነበ ከሥራ ገብቶ አጠገብሽ ሲቀመጥ ክፈቺው ልልሽ ነበር። ግን አውቅሻለሁ፣ እስካሁን ከፍተሽዋል።

አባባ ያረፈ ጊዜ «አባትሽ ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረሺ» የሚል ቴሌግራም እንደተላከልሽ ታስታውሻለሽ። አንቺም የታመመ ሰው ልትጠይቂ ነውና ብርቱካን ገዝተሽ መጣሽ። ዘንቢሉን እንዳንጠለጠልሽ ሙሾው መሐል ገባሽ፤ ብርቱካኑ በግቢው ሁሉ ተበተነ። ለቅሶው ካበቃ በኋላ እጄን ይዘሽ «ሁለተኛ እንደ ሕፃን እንዳታታልሉኝ፤ ሌላው ቢዋሸኝ አንተ ግን በእጅህ ጽፈህ ንገረኝ» ብለሽ አስማልሽኝ። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ነውር ነው፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍሽ ሰው አጠገብሽ ቆሞ ነው የሚነገረው። መሐላ ግን መሐላ ነው። እትዬ፣ ሽብሩ አርፏል። ታናሽ ወንድማችን አርፏል።

አሁን አልቅሺ። ሲወጣልሽ ተመለሽና የቀረውን አንብቢ፤ ይህን ያህል ገጽ የጻፍኩት መሞቱን ለመንገር ብቻ አይደለም። ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩሽ መጨረሻው ላይ ስደርስ «መሸሻ አበደ» ትያለሽ። ከሥሩ ስነግርሽም ትዪ ይሆናል።

አምና እዚህ የዘር እህል የሚያከፋፍል ፕሮጀክት መግባቱንና ሽብሩ በሾፌርነት መቀጠሩን ጽፌልሽ ነበር። የፕሮጀክቱ መሐንዲስ ሄንሪክ የሚባል ፈረንጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በርበሬ የማይፈራ። በአገሩ አማተር ሬዲዮ የሚሉት ነገር አለ፤ ሰዎቹ ለደመወዝ ሳይሆን ለገዛ ደስታቸው ሬዲዮ እየገጣጠሙ ባሕር ማዶ ካለ የማያውቁት ሰው ጋር ያወራሉ። ሄንሪክ ይህ የተጠናወተው ሰው ነው። የተሰበረ ቴፑን ሊያሠራ ወደ እኔ መጥቶ የተዝረከረከ ጠረጴዛዬን ሲያይ ሳቀ፤ ቤቱ ያለው ጠረጴዛ ልክ ይህን ይመስላል አለኝ። ወዳጅነታችን ከዚያ ጀመረ።

ይዞት የመጣው ነገር እንዲህ ነው። ሰማይ ላይ የሰቀሏቸው ሳተላይቶች አሉ፤ የእነሱን ድምፅ አዳምጦ «አሁን ያለሁት እዚህ ነው» ብሎ ቦታውን በቁጥር የሚናገር፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለው። ሌላው ደግሞ ራሱ ሄንሪክ የገጣጠመው ትንሽ ሬዲዮ ነው፤ የሰጡትን ቁጥር ወደ ጩኸት ለውጦ በአየር ይልካል። ሁለቱን አገናኝተን መኪና ላይ ብንጭናቸው መኪናው የት እንደደረሰ እዚሁ ሆነን ካርታ ላይ እናያለን አለኝ። የፕሮጀክቱ መኪኖች በክረምት ጭቃ ሲያዙ ማንም የት እንዳሉ ስለማያውቅ ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

ማገናኘቱ ግን የተጣሉ ባልና ሚስት የማስታረቅ ያህል አደከመን። የሳተላይቱ መሣሪያ ሲናገር ሬዲዮው ላይ ይጮኽበታል፤ ሬዲዮው ሲልክ ደግሞ መሣሪያውን ያደነቁረዋል። ቁጥሩ የሚወጣበትን ሽቦ፣ የመሬቱን ሽቦ፣ የኃይሉን ሽቦ እየለየሁ ስበይድ ሰነበትኩ። ከሞተ ሬዲዮ በነቀልኩት ሬዚስተር ድምፁን አለዘብኩት፤ በመሐላቸው ቆርቆሮ አቆምኩ፤ ተስማሙ። ሁሉንም በብስኩት ሣጥን ከተን በጃንጥላ ዘንግ አንቴና አበጀንለት። ሽብሩ አጠገቤ ቆሞ ያይ ነበር፤ ከመኪናው ባትሪ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አስተማርኩት፤ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤ ከተለዋወጠ ሣጥኑ ይቃጠላል። እሱም እንደ ልማዱ «አንተ ወንድሜ ነህ ወይስ አለቃዬ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ቤታችን ከፍታ ላይ ስለሆነ መቀበያውን ጓሮ ባለችው መሥሪያ ክፍሌ ተከልነው። ፈቃድ ሊያይ ከደኅንነት የመጣው ሰው ሣጥኑን አገላብጦ ይናገራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይናገርም፣ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚለው አልኩት። «ያለበትን የሚናገር አጥተን አይደል የምንቸገረው» አለና ፈረመ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሳተላይቶቹ በእኛ ሰማይ ሲሰበሰቡ፣ ገና ጥቂት ስለሆኑ ቀኑን ሙሉ አይገኙም፣ መቀበያው «ጭርርር» ይላል፤ በትንሿ መስኮቱ ቁጥር ይወጣል፤ እኔ በማስመሪያ ለክቼ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ካርታ ስፒል እተክላለሁ። እማዬ ድምፁን ስትሰማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትመጣና «ልጄ የት ደረሰ?» ትላለች። ኡኬ ነው፣ ጉትን ነው፣ አያና ነው እላታለሁ። ደስ ብሏት ትመለሳለች። ያን ጊዜ የቤቱ ጨዋታ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ሽብሩ አሮጌዋን ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ለኪራሙ ገበሬዎች የሽምብራ ዘር ሊያደርስ ወጣ። ረዳቱ ባቻ አብሮት ነበር፤ የጉቶ ጊዳ ሰው ነው፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት፣ የረጋ ሰው። ዋናውን መንገድ ወታደር ዘግቶት ስለነበር በአንገር ሸለቆ በኩል በአሮጌው የከብት መንገድ ዞሩ። ስፒሎቼ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ አየሁ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሄንሪክ ሸለቆ የሬዲዮን ድምፅ እንደሚውጥ አስረዳኝ፤ ከፍታ ላይ ሲወጡ ይመለሳል አለ። እኛም በየጠዋቱ መቀበያው ሥር ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር፤ እማዬ ዓይኗን ከመስኮቱ አትነቅልም። ዓመቱ ተለወጠ፤ እንቁጣጣሽም በዝምታ አለፈ።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ በአንድ ጉም የለበሰ ጠዋት ድምፁ መጣ። ቁጥሩን ለካሁ። ስፒሉ የወደቀው መንገድ በሌለበት፣ ከአንገር ወዲህ ባለው ገደል አናት ላይ ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። በማግስቱ ደግሞ ትንሽ ወዲህ መጣ፤ የመኪና ርምጃ አይደለም፣ የሰው ርምጃ ነው። ረግረጉን ዞረ። ወንዝ ዳር ደረሰና ወደ ኋላ ተመለሰ፤ መሻገሪያ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ዳር ዳሩን ሄደና ተሻገረ። እትዬ፣ ሰው ሳይታይ ርምጃውን ብቻ ማየት ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም። ሎሚ ካርታው ያለበት ክፍል መግባት ተወች፤ ያ ስፒል ዞር ብሎ የሚያየኝ ይመስለኛል አለች።

እማዬ ግን አልፈራችም። መስቀል እየደረሰ ነበር። «ልጄ ለመስቀል እየመጣ ነው፤ መኪናው እምቢ ቢለው በእግሩ ተነሣ» አለች። አንቺም ታውቂዋለሽ የእኛን ነገር፤ ሌላውን በዓል የትም ቢውል፣ ለመስቀል ቤቱ ያልገባ የጉራጌ ልጅ እንደሌለ ይቆጠራል። በሰፈሩ ያሉ ያገራችን ሰዎች ሁሉ ሰምተው በየጠዋቱ ካርታውን ሊያዩ ይመጡ ጀመር። አንዱ ነጋዴ «ጉራጌ ለመስቀል ከመቃብርም ተነሥቶ ይመጣል» ብሎ አሳቀን። እማዬ ቅቤ አነጠረች፣ ቆጮ አስመጣች። እኔም አልጠረጠርኩም፤ ሣጥኑን ከባትሪ ጋር ማገናኘት ያስተማርኩት ሽብሩን እንጂ ሌላ ማንን ነበር?

አንድ ሰው ብቻ ነው የጠረጠረው። ጋሽ ወልደዮሐንስ፣ የሾፌሮቹ ሽማግሌ፣ ካርታውን ረጅም ጊዜ አየና «ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም። ረዳቱ ይሄዳል እንጂ ሾፌር እቃው ላይ ይተኛል። ይህ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው» አለ። እማዬ ተቆጣችው። ሄንሪክም መኪና ልላክ ብሎኝ ነበር፤ ለዚያ ግን ከጦሩ የይለፍ ወረቀት ማውጣት አለብን። እኔ ነኝ ተወው ያልኩት። ወታደር ማስቸገር ምን ይሠራል፣ ልጁ እየመጣ አይደል አልኩት። ሣጥኑ የሚናገረው የገዛ ራሱን ቦታ እንጂ የሰውን እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እኔ ነኝ የበየድኩት።

ከመስቀል አስቀድሞ በሚውለው የሴቶች በዓል፣ በደንጌሳት ዕለት፣ ሴቶቹ ክትፎውን እያዘጋጁ ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። እማዬ እልል ብላ ከፈተች። የገባው ባቻ ነው። በጀርባው ሣጥኑን አዝሏል፤ ባትሪውን የተከራየው አህያ ላይ ጭኖታል፤ እግሩ ቆስሏል። እማዬ ከኋላው በሩን አየች፣ መንገዱን አየች። ሎሚ በኦሮምኛ «ሽብሩን ኤሳ ጂራ?» ብላ የት እንዳለ ጠየቀችው። ባቻ ቁጭ እንኳ ሳይል ነገረን። መኪናዋ ሸለቆው ውስጥ እስከ አክስሏ ሰጥማለች። ሽብሩን ወባ ጣለው። እንሂድ ቢለው መኪናዬን ጥዬ አልሄድም አለ፤ ሣጥኑን ፈትቶ አሸከመው፣ ቀይ ከቀይ ጥቁር ከጥቁር ብሎ አስተማረው፣ «ከፍታ ላይ ስትወጣ አገናኘው፤ ወንድሜ ያይሃል፤ መንገድ ላይ መኪና ይዘው ይቀበሉሃል፤ አንተም ወደ እኔ ትመራቸዋለህ» አለው። ባቻ በየጋራው አናት ላይ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ ነበር የከረመው። ሣጥኑን ከጀርባው አውርዶ እጄ ላይ አኖረው።

የጦሩ ቢሮ ለበዓሉ ተዘግቶ ስለነበር በመስቀል ማግስት የይለፍ ወረቀት አወጣንና ጋሽ ወልደዮሐንስ እየነዳ፣ ባቻ እየመራ ሄድን። መኪናዋ እዚያው ቆማለች። በበሯ ላይ ሣር በቅሏል፣ የሽምብራው ጆንያም በስብሶ አቆጥቁጧል። ሽብሩን ግን ኦቦ ሞረዳ የሚባሉ የዚያ አገር ሽማግሌ ከዋርካ ሥር ቀብረውት አገኘነው፤ ከመቃብሩ ራስጌ የእንጨት መስቀል አቁመውለታል። በመጨረሻዎቹ ቀኖች አንስተው ቤታቸው ወስደውት ነበር። በቅሎ ጭነን ወደ አያና ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢሉት «ወንድሜ እያየኝ ነው፣ መኪና ይልካል» ይላቸው ነበር። ትኩሳቱ ሲበረታበት ደግሞ «ሣጥኑ ጋራውን አለፈ ወይ?» እያለ ይጠይቃቸው ነበር። እሳቸውም «አልፏል ልጄ» ይሉታል። አለቀስኩ፣ እትዬ፤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ጋሽ ወልደዮሐንስ አንስቶ አቧራዬን አራገፈልኝ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ የዕድሩ ሽማግሌዎች መከሩ። ጸሐይወርቅ ሳትመጣ ለእናትየው መርዶ አይነገርም፤ ከአባትየው ሞት ወዲህ ልቧ ደካማ ነው፤ የምትደግፋት ሴት ልጇ አጠገቧ ትሁን አሉ። መንገዱ በጦርነቱ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ነው፤ እስኪረጋጋ እንጠብቅ ተባለ። ለእማዬ ሽብሩ ኦቦ ሞረዳ ቤት እያገገመ ነው ተብሎ ተነገራት። እሷም እሺ አለች። በሦስተኛው ቀን ግን ጠዋት መሥሪያ ክፍሌ ገብታ መቀበያው ሥር ተቀመጠች። «እያገገመ ከሆነ ለምን ዝም አለ?» አለችኝ። ሣጥኑን መልሰን ልከንለታል፣ ነገ ትሰሚያለሽ አልኳት። በማግስቱ ሣጥኑን ሰማይ እንዲያይ ከጣራው ቆርቆሮ ላይ አኖርኩና ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። «ጭርርር» አለ። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ከደስታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይህ ሆነ። በየጠዋቱ እሷ ሳትመጣ በፊት ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኛለሁ፤ የሞተ ወንድሜ በሕይወት እንዳለ ይጮኻል። በመስኮቱ የሚወጣው ቁጥር የገዛ ቤታችን ቁጥር ነው፤ እሷ ማንበብ ስለማትችል የት ነው ስትለኝ እዚያው ኦቦ ሞረዳ ጋ ነው እላታለሁ። ውሸት ሲያድር ይሰባል ይላሉ፤ እውነት ነው። ጥቅምት ላይ ሄንሪክ በጦርነቱ ወሬ ወደ አዲስ አበባ ተጠርቶ ሄደ፤ ለመጠባበቂያ የሠራነውን ሁለተኛውን ሣጥን ፈታትቶ በእጁ ይዞት ሄዷል፤ እኔ ጋ የቀረው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

አሁን የምነግርሽን ለሎሚ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። በኅዳር መጀመሪያ ባትሪው ደከመ። አውጥቼ ጋራዥ ወስጄ እንዲሞሉልኝ ሰጠሁ፤ ያን ጠዋት ለእማዬ ዛሬ ደመና ስለሆነ አይሰማም ልላት አስቤ ነበር። መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ መቀበያው በራሱ የባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው። እሷ እንደ ልማዷ መጥታ ተቀመጠች። ልናገር አፌን ስከፍት መቀበያው «ጭርርር» አለ።

ቁጥሩን አየሁ። የቤታችን አይደለም። ማስመሪያዬን አንስቼ ለካሁት። ስፒሉን ካርታው ላይ ሳስጠጋው መውጋት አላስፈለገኝም፤ ቀድሞ በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ከአንገር ወዲህ ያለው የገደሉ አናት ነው። ሮጬ ጣራው ላይ ወጣሁ፤ ሣጥኑ እዚያው ቀዝቅዞ ተቀምጧል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ምንም ሳይነኩ ተንጠልጥለዋል። እማዬ ከታች ሆና «ዛሬስ ተነሣ፣ አይደል?» ስትለኝ ሰማሁ። ማን ነገራት እትዬ?

ምክንያት ያልፈለግሁለት እንዳይመስልሽ። እኔ በመናፍስት የማምን ሰው እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ቄሱ እንኳ «አንተ ከሽቦ በቀር ምን ታምናለህ» ይሉኛል። የድሮውን ቁጥር ማስታወሻው ውስጥ ይዞ ይደግመው እንደሆነ ብዬ መቀበያውን ፈትቼ አጸዳሁት፤ ተመልሶ መጣ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ሬዲዮ ይኖረው እንደሆነ ብዬ አንቴናውን ነቀልኩ፤ ጠፋ፤ ስሰካው ካቆመበት ቀጠለ። ስለዚህ በእርግጥ ከውጭ፣ በአየር ነው የሚመጣው። ሣጥኑን ራሱን ፈታትቼ እቃውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፤ የበየድኩትን ሁሉ አላቀቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ከተበተነው እቃ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሰማነው። ረግረጉን ዞሮ ነበር።

ባቻን አስጠርቼ ካርታውን አሳየሁት። በጣቱ እየተከተለ ያደረባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ነገረኝ፤ መሻገሪያ ያጣበትን ወንዝ፣ ተመልሶ የሄደበትን ዳር ጭምር። የእኔ መንገድ ነው አለ። ከዚያ ግን ጣቱን አንስቶ እጁን ኪሱ ከተተ። እሱ ወንዙን ተሻግሮ ሁለት ጊዜ አርፏል፤ ይህኛው አላረፈም። ቀናት የሰነበተው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ባቻ ባትሪው ከብዶት አህያ እስኪያገኝ የቆየበት ነው። ባቻ ሲወጣ ያ መንገደኛ በሚመጣበት በኩል ወዳለው ወደ ጓሮው በር አልዞረም፤ በዋናው በር ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ስፒሉ ትናንት ከኡኬ ወዲህ ነበር። በዚህ አካሄዱ ደብዳቤዬ አንቺ ዘንድ ሲደርስ እሱ ደግሞ ከተማው ጫፍ ይደርስ ይሆናል። መስቀል አልፏል፤ ለምን እንደሚመጣ አላውቅም። ማን እንደሚመጣም አላውቅም። ወንድሜ ከሆነ ልጠይቀው የምፈልገው አንድ ነገር አለኝ፤ መኪና ያልላክሁት የሚመጣው እሱ መስሎኝ እንደሆነ አውቆልኝ ይሆን? ወንድሜ ካልሆነ ደግሞ በራችንን ማን ይክፈት?

ሽማግሌዎቹ አሁን መርዶው ይነገር ይላሉ፤ ጠዋት በሩ ላይ ሊቆሙ ዝግጁ ናቸው። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። በየማለዳው ልጇ እየቀረበ መሆኑን በጆሮዋ ለምትሰማ እናት ሞቷል ብዬ እንዴት ላስነግር? ቀድሞ የምዋሻት እኔ ነበርኩ፤ አሁን የማውቀው እውነት ከእኔ እጅ ወጥቷል። መቀበያውን ላጥፋው ብዬ ስንት ጊዜ እጄን አስጠጋሁ፤ የማጠፋው ምን እንደሆነ ስለማላውቅ መለስኩት። ስለዚህ ነይ፣ እትዬ። ለእማዬ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም ነይ፤ ፈርቻለሁ። ስትገቢ እየጮኽሽ እንዳትገቢ፤ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነይ፤ ካርታውን አንቺም እዪው፤ ከዚያ የምታዢውን እናደርጋለን።

ለጋሼ ዘነበ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከጉዞሽ እንዳይከለክልሽ እግሩን ስሜያለሁ በይው። ኢትዮጵያን ግንባሯን ሳሚልኝ። ሎሚ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ ከአንቺ በቀር የሚያጽናናት የለም። ልጆቹ «አክስቴ መቼ ትመጣለች» እያሉ ናቸው። ጋሽ ወልደዮሐንስም ሰላም ይልሻል፤ በየሳምንቱ ይጠይቀናል። እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ፣ ካርታው ሥር ተቀምጣለች። ለጸሐይወርቅ ነው ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ጉንጭሽን ስማለች፣ ጉልበትሽን ቅቤ ቀቢው ብላለች። ከዚያ «የሽብሩንም ሰላምታ ጻፍላት» አለችኝ። ብዕሬን ይዤ ስዘገይባት «ጻፍ እንጂ፤ ዛሬ ጠዋት እኮ አደራ ብሎኛል» ብላ ደገመችልኝ።

ሽብሩም ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ መሸሻ
ነቀምቴ፣ ኅዳር ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.